የበሽተኛ ኮታ

ውሸት ልክ አለው ይላሉ፤ እኔ ያንን ልክ አይቼው አላውቅም። ከየካ ሚካኤል በላይ ያለው ሰፈር በሙሉ ያውቀኛል። ከእንጦጦ ወርዶ አያት ላይ ባቡር ስለተሳፈረው፣ ጉርድ ሾላ ሲደርስ ግፊያውን አልችል ብሎ «ወራጅ አለ!» ስላለው ጅብ ያወራሁት እኔ ነኝ። ስሜ አካሉ ነው፤ ሰው ግን አካሉ ሞንታርቦ ይለኛል። አሮጌ ዳማሴ ጣሪያ ላይ ሁለት ሞንታርቦ አስሬ ለወረዳው እለፍፋለሁ፦ የክትባት ቀን፣ የግብር ቀን፣ የጠፋ ልጅ፣ የሚጠፋ ውኃ። አንድ ጊዜ ስለ ፖሊዮ ጠብታ ስለፍፍ ቢሾፍቱ ያሉ ሕፃናት አፋቸውን ከፍተው ተገኙ።

ይቺኛዋን ባታምኑኝ አልቀየምም። የሚቀጥለውን ግን እመኑኝ፤ የልጄ ልጅ አለችበት። በርሆቦት አልቀልድም።

ነገሩ የጀመረው ግንቦት ማለቂያ ላይ በወረዳው አዳራሽ ነው። የትኛው ወረዳ እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ እንጀራዬ ነው። ስብሰባ ሲኖር ሞንታርቦውን ከመኪናው አውርጄ አዳራሽ አስገባለሁ፣ ማይኩንም እጁን ላወጣ ሁሉ አዞራለሁ። ትምህርቴ ሰባተኛ ክፍል በር ላይ ቢቀርም፣ በስብሰባ በኩል ግን ዲግሪ አለኝ ማለት ይቻላል። ማን «ከዚህ አንፃር» ብሎ እንደሚጀምር፣ ማን «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» ብሎ ሰው እንደሚያስተኛ ከፊቱ አውቃለሁ።

የዚያን ቀን የተሰበሰበው የአተት ግብረ ኃይል ነበር። አተት ያው የሚያስቀምጠውና የሚያስመልሰው፣ ሰውን ከጠዋት እስከ ማታ እንደ ጨርቅ ጨምቆ የሚጥለው በሽታ ነው። በከተማው ሌላ ጫፍ ገብቷል ተብሎ ሰዉ ሁሉ ፈርቷል። መድረኩ ላይ የተቀመጠችው ኢፍቱ ኤጀታ ናት። አባቷን ጋሽ ኤጀታን አውቃቸዋለሁ፤ ድሮ እህል ያበቅሉበት የነበረው መሬት ዛሬ ኮንዶሚኒየም ነው፣ እሳቸው ከሁለት ላሞቻቸው ጋር ወደ ላይ ወጥተዋል። ልጅቷ ግን ተምራ፣ በሽታ ወዴት እንደሚሄድ በኮምፒውተር እያሰላች መንግሥትን የምታማክር ዶክተር ሆናለች።

«ዝናቡ ሲገባ፣» አለች፣ ማይኩን ከእጄ ተቀብላ፣ «ቱሉ ሙካ ያለው ምንጭ ከየሽንት ቤቱ ከሚወርደው ጎርፍ ጋር ይቀላቀላል። በሽታው የሚጀምረው እዚያ ነው፤ ከዚያ ወደ ታች ይወርዳል። በክረምቱ የሚታመመው ሰው ከመቶ ሃምሳ እስከ ዘጠኝ መቶ ሊሆን ይችላል። ወደ ትንሹ ይሂድ ወደ ትልቁ፣ እኛ አሁን በምናደርገው ይወሰናል።»

ቱሉ ሙካ ስትል ደነገጥኩ። ልጄ ፀዲና ባሏ ሞቲ ቤት የሠሩት እዚያ ነው፤ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ ምንጩ አፍንጫ ላይ። ርሆቦት ደግሞ ገና ዳዴ የምትል፣ ያገኘችውን ሁሉ አፏ የምትከት ነች።

የግብረ ኃይሉ ሰብሳቢ አቶ ወልደሰንበት መነጽራቸውን አወለቁ። ክፉ ሰው አይደሉም። ቢሆንም ፋይል ሲያዩ የሚያበራው ፊታቸው ሰው ሲያዩ ያን ያህል አያበራም።

«ዶክተር፣ ከመቶ ሃምሳ እስከ ዘጠኝ መቶ የሚባል ቁጥር የለም፤ እሱ የበግ ዋጋ ነው። እኛ ወደ ላይ የምንልከው አንድ ቁጥር ነው። አንዱን ይስጡን።»

«አንድ ቁጥር ብቻ ብሰጥዎ እዋሻለሁ።»

«ውሸት ከሆነ ባለሙያው ማይክ ይዞ ቆሟል!» አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም እጅ ነሳሁ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም።

ኢፍቱ ብዙ ታገለች። ሰውየው «አንዱን» አሉ፣ እሷ «ስፋቱ ራሱ መረጃ ነው» አለች፣ እሳቸው «አንዱን» አሉ፣ የምሳ ሰዓት ደረሰ። በመጨረሻ ደክሟት «መሐሉ አራት መቶ ገደማ ነው» አለች፤ «ገደማዋን ግን አደራ።»

አራት መቶዋን ጻፏት። ገደማዋ አዳራሽ ውስጥ ቀረች።

ስንወጣ ኢፍቱን ወደ አባቷ ቤት በዳማሴ አደረስኳት። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ሲያቃስት «ለመሆኑ ያ ኮምፒውተር ምን አይቶ ነው?» አልኳት።

«ሰፈሩን ነው ጋሼ። ማን ከየት ውኃ እንደሚቀዳ፣ ማን ወዴት ሥራ እንደሚሄድ፣ ዝናቡ መቼ እንደሚመጣ እንነግረዋለን። እሱ ደግሞ ክረምቱን ደጋግሞ ይኖረዋል፤ ሺህ ጊዜ። አንዳንዱ ክረምት ይምራል፣ አንዳንዱ አይምርም።»

«እኔም አለሁበት?»

«አሉበት።»

«በስንተኛው ክረምት ሞትኩ?»

ሳቀች። «እርስዎን ነጥለን አናይም።»

«ርሆቦትንስ?»

በመስኮት ወደ ውጭ አየች።

በማግስቱ አዳራሽ የረሳሁትን ገመድ ልወስድ ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ትልቅ ወረቀት ከበው ይጯጯሃሉ።

«ለብሎክ ሁለት፣ ስድሳ ደረሰብኝ!» ትላለች አንዷ። «ስድሳ በሽተኛ ከየት ላምጣ? ከዓምናው የክትባት ዕቅዴ እኮ ይበልጣል!»

«አትጨነቂ እቴ፣» አለቻት ጓደኛዋ፣ «ከላይ የወረደ ዕቅድ ምን ጊዜም ይሞላል።»

ጠጋ ብዬ አየሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅሁት። ዕድሜ ልኬን ዋሽቼ እንዲህ ያለ አልወጣኝም። የኢፍቱ አራት መቶ ዕቅድ ሆናለች! ከላይ «የበሽተኛ ዕቅድ» ይላል፤ ጎኑ ላይ «ክንውን»፣ ከዚያ «በመቶኛ»። እንደ ችግኝ ተከላ፣ እንደ ደም ልገሳ፣ ለየብሎኩ ተከፋፍላ ወርዳለች። ለዚህኛው ሠላሳ በሽተኛ፣ ለዚያኛው ስድሳ። ከወሩ መጨረሻ በፊት የሞላ ሳይመሰገን አይቀርም።

ከዚያ ቱሉ ሙካን ፈለግሁ። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ። የለም።

ኢፍቱን በስልክ ጠርቻት መጣች፤ ወረቀቱን ስታይ ግድግዳውን ተደገፈች። ሁለታችንም አቶ ወልደሰንበት ቢሮ ገባን።

«ኃላፊ፣» አለች፣ ድምፅዋን ለማለስለስ እየታገለች፣ «እኔ የሰጠሁዎት ትንበያ ነው። እንዳይደርስ የምንሠራበት ማለት ነው። ዕቅድ ደግሞ እንዲደርስ የምንሠራበት ነው።»

«ይገባኛል ዶክተር። መሃይም አይደለሁም። ነገር ግን ቅጹን ይመልከቱት፤ ዕቅድ አለ፣ ክንውን አለ። ትንበያ የሚል ዓምድ የለውም። የሌለ ዓምድ ውስጥ ምን ልጻፍ?»

«ቱሉ ሙካስ? በሽታው የሚነሳው ከዚያ ነው ብያለሁ።»

«ቱሉ ሙካ ሕጋዊ ሰፈር አይደለም። ብሎክ የለውም። ብሎክ ለሌለው ዕቅድ አይወርድም። የውኃ ማከሚያው፣ አልጋው፣ ግሉኮሱ የተከፋፈለው ደግሞ በዕቅዱ መሠረት ነው።»

«ስለዚህ ዕቅድ ያልወረደለት ሰው አይታመምም?» አልኩ እኔ፣ አፌ አልዘጋ ብሎኝ።

«አንተ አካሉ፣ ማይክህን ያዝ።» ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ፣ ቀስ ብለው። «ዶክተር፣ አይቀየሙኝና፣ ቱሉ ሙካ አባትዎ ያሉበት አይደለም?»

ኢፍቱ ከንፈሯን ነከሰች። እሳቸውም የሚያፍሩ ይመስል ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ፤ በመስኮቱ የእንጦጦ አናት ይታያል፣ ላዩ ላይ ደግሞ የጠቆረ ደመና ተቀምጧል።

«ዓምና ለሕገወጥ ቤት ቦኖ ውኃ አስገብተሃል ተብዬ ስገመገም የት ነበራችሁ?» አሉ። «በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ አስይዙት።»

የሚቀጥለው ስብሰባ ሳምንት ነው። ደመናው ደግሞ አጀንዳ አይጠብቅም።

ከቢሮው ወጥቼ ቀጥታ ወደ ፀዲ ነዳሁ። ደጃፏ ላይ ልብስ ታሰጣለች፣ ርሆቦት ከባልዲው ሥር እርጥብ ድንጋይ ትልሳለች። ድንጋዩን ከአፏ ነጠቅኩ፤ እሪ አለችብኝ።

«ፀዲዬ፣ ዛሬውኑ እኔ ጋ እንውረድ። አንድ ወር ብቻ።»

«አባዬ፣ ምን ሆነሃል? ቤቱን ባዶ ካገኙት በማግስቱ ቆርቆሮው የለም። ሞቲ ሐዋሳ ስሚንቶ እየተሸከመ የሠራው ቤት ነው እኮ። ተመልሶ ሲመጣ ምን ልበለው?»

«እሺ ውኃውን አፍይው።»

«ከሰል ሲኖር አፈላለሁ።»

«ሳይኖርስ?»

ከባልዲው የቀረውን ልብስ አንስታ ማስጣቷን ቀጠለች።

ምንጩ ጋ ጀሪካን ይዘው ወደተሰለፉት ሴቶች ሄድኩ። «ስሙኝ፣ ዝናቡ ሲመጣ ይሄ ውኃ በሽታ ይዞ ይመጣል! ኮምፒውተር አይቶታል!»

«አካሉ መጣ!» አለች አንዷ፣ ጀሪካኗን አስቀምጣ ለመስማት እየተመቻቸች። «የዛሬው ደግሞ ምንድን ነው?»

«እውነቴን ነው! ሺህ ክረምት ኖሮ ነው ያየው!»

«ሺህ ክረምት! ኮምፒውተሩ ጅቡን አውቆት ይሆን?»

እየተደጋገፉ ሳቁ። እኔ በማርያም፣ በሚካኤል ማልኩ፤ በማልኩ ቁጥር ሳቃቸው ባሰ። «ይሄኛው ጥሩ ነው፣ ከጅቡ ይበልጣል» ብለው ጀሪካናቸውን ሞልተው ሄዱ። ዕድሜ ልኬን ሰው ሲስቅልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ያን ቀን እያንዳንዱ ሳቅ እንደ ጥፊ አረፈብኝ።

ዳማሱ ውስጥ ገብቼ መሪውን ይዤ ተቀመጥኩ። ለፀዲ ውኃ ገዝቼ ላመላልስ? ለስንት ቀን? ጎረቤቱ ሲታመም ርሆቦት የምትድህበት መሬት ያው አንድ መሬት ነው። ከላይ አልሰሙ፣ ከታች አላመኑ። ጣሪያዬ ላይ ያሉት ሞንታርቦዎች በንፋሱ ይንቋቋሉ። ያኔ ነው የገባኝ፦ ይሄ ሰው አካሉን አያምንም እንጂ ሞንታርቦውን ያምናል። ከእሱ የሚወጣ የወረዳው ድምፅ ነው። አልወደውም ይል ይሆናል እንጂ ውሸት ነው ብሎ አያውቅም።

ማይኩን አበራሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። አምላኬን ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ቀድሞ ነው የሚጠየቀው፣ በኋላ ጊዜ አይኖርም።

«ለተከበራችሁ የቱሉ ሙካ ነዋሪዎች! የወረዳው የአተት መከላከል ግብረ ኃይል ባደረገው አስቸኳይ ስብሰባ፣ ለአካባቢያችሁ ልዩ ትኩረት በመስጠት፣ ነገ ጠዋት በኳስ ሜዳው ላይ የሕክምና ድንኳን እንዲተከል፣ የውኃ ማከሚያም በነፃ እንዲታደል ወስኗል! የግብረ ኃይሉ ሰብሳቢ ክቡር አቶ ወልደሰንበት በአካል ተገኝተው ይከፍታሉ! ስለሆነም እስከ ነገ ድረስ የምንጩን ውኃ ሳታፈሉ እንዳትጠጡ በጥብቅ እናሳስባለን!»

ከዳር እስከ ዳር ለፈፍኩት። ያቺው ጀሪካኗን ሞልታ የሄደችው ሴትዮ ከቤቷ ወጥታ ውኃውን ደጃፏ ላይ ደፋችው። በዓይኔ አየሁ። ከአፌ ያልወሰደችውን ከጣሪያዬ ወሰደችው።

ሌሊቱን እንዴት እንዳደርኩ አትጠይቁኝ። የአቶ ወልደሰንበትን ስም ሰርቄያለሁ፣ የመንግሥትን ድምፅ ሰርቄያለሁ። ጠዋት ኳስ ሜዳው ስደርስ ቱሉ ሙካ በሙሉ ነቅሎ ወጥቷል። ሕፃን ያዘለች፣ ከዘራ የያዘ፣ ወንበር ያመጣ። ለእንግዳው ብለው አንዷን ጠረጴዛ ጨርቅ አልብሰዋታል።

ኢፍቱ ከኋላዬ ክንዴን ጨመደደችኝ።

«ምን አደረጉ ጋሼ? ምን አደረጉ! ጠዋት ስልኬ ሲጮህ ነው የነቃሁት። እኔ የነገርኩዎት ነው የሚመስላቸው! ከእነዚህ ሰዎች ጋር ተቀምጬ ለመነጋገር ስንት ዘመን ደጅ ጠንቻለሁ። አሁን ካባረሩኝ የሚቀጥለውን ማን ይነግራቸዋል? ለሌላው ሰፈርስ?»

መኪና መጣ። አቶ ወልደሰንበት ናቸው፤ ከኋላ ፖሊስ ተቀምጧል። እኔን ፍለጋ ዓይናቸው ሜዳውን ሲያስስ አየሁ። ሲያገኙኝ ፊታቸው የጎመን ድስት መሰለ። አንድ እርምጃ ወደ እኔ ተራመዱ።

ሁለተኛውን አልተራመዱም። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ጋሽ ኤጀታ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከፊታቸው ቆሙ። ጎንበስ ብለው ከሜዳው እርጥብ ሳር በጠሱና በሁለት እጃቸው ዘረጉላቸው።

አቶ ወልደሰንበት ሳሩን አዩት። ሰውየው የገጠር ልጅ ናቸው፤ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ሽማግሌ የዘረጋውን እርጥብ ሳር አለመቀበል ነውር ነው፤ ተቀብሎ ተመርቆ ቃል ማጠፍ ደግሞ ከነውርም በላይ ነው። እጃቸው በአየር ላይ ቆየ። ኢፍቱ ክንዴን አልለቀቀችም።

ተቀበሉት። ባርኔጣቸውንም አወለቁ።

«ያስታወሰንን ያስታውሰው!» አሉ ጋሽ ኤጀታ።

«ሃ ተኡ!» አለ ሕዝቡ፤ ይሁን እንደማለት ነው።

«የደረሰልንን ይድረስለት!»

«ሃ ተኡ!»

«ልጆችህ ይብዙ፣ ከብትህ ይርባ፣ ወንበርህ አይነቃነቅ!»

«ሃ ተኡ!» እዚህ ላይ ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ።

ምርቃቱ ሲያልቅ አቶ ወልደሰንበት ሳሩን እንደያዙ ቆሙ። ሁሉም ይጠብቃል። ማይኩን ከመኪናዬ አምጥቼ አቀበልኳቸው። ሲቀበሉኝ በጆሮዬ «ከሰው ፊት አላዋርድህም» አሉኝ። «ዛሬውኑ ግን ሞንታርቦህን አውርደህ ግምጃ ቤት ታስገባለህ። ሁለተኛ በስሜ አትናገርም።» ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«እንግዲህ... ከዚህ አንፃር... ግብረ ኃይሉ ዕቅዱን ከልሷል።»

እልልታው እንደገና ተነሳ። እሳቸው ግን ኢፍቱን ወደ መኪናቸው ጎን ጠሩ፤ እኔም ገመድ የምጠቀልል መስዬ ተጠጋሁ።

«የዚህ ሰፈር ስንት ነው?» አሏት።

«ከ...» ብላ ጀመረችና ቆመች። «ድንኳኑ ዛሬ ከቆመ ትንሽ። ካልቆመ ብዙ።»

«ትልቁን ይንገሩኝ።»

«ትልቁ የመድረስ ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ እሱን ብቻ ከወሰዱ...»

«ዶክተር፣ ግሉኮስ የሚመጣልኝ በትልቁ ነው። በትንሹ ጠይቄ ትልቁ ቢመጣ ሰው ያልቅብኛል። በትልቁ ጠይቄ ትንሹ ቢመጣ ክንውኔ ዝቅ ይላል፤ እገመገማለሁ። ግምገማ ለምጃለሁ።»

ኢፍቱ ለአፍታ አየቻቸው፤ ስትፈልገው የኖረችውን ሰው በድንገት ያገኘች ትመስል ነበር። ትልቁን ነገረቻቸው።

ድንኳን ከየት ይምጣ? የእኛ እድር ድንኳን ተለምኖ መጣ፤ ለቅሶ ላይ የሚዘረጋው፣ ሰማያዊው። ሰው ሲያየው አፉን ያዘ። ከዚያ ድንኳን ሥር ተቀምጦ ያላለቀሰ የለም። «ገና ሳንታመም ተዘረጋልን?» አለች ፀዲ። ርሆቦትን ወደ ኋላዋ ደበቀቻት፣ ድንኳኑ እንዳያያት።

አልጋው መጣ፣ ነርሷ ሲስተር ፈትለወርቅ መጣች፣ ግሉኮሱ በካርቶን መጣ። ዝናቡ ግን አልመጣም። ደመናው እንጦጦ ላይ ተኝቶ ያንኮራፋል እንጂ አይወርድም። ባዶ አልጋ፣ ባዶ ድንኳን። ከታች ካሉ ብሎኮች «የእኛን አልጋ ለባዶ ሜዳ ሰጡት» የሚል ጩኸት ተነሳ። አቶ ወልደሰንበት ለኢፍቱ እየደወሉ «የት አለ?» ይሏታል፤ «ይመጣልም ላይመጣም ይችላል» ትላለች፣ ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ አመድ ነው። እኔ ደግሞ የማልወጣው ጭንቅ ውስጥ ገባሁ። በሽታው ካልመጣ ሁለቱም በእኔ ውሸት ይወድቃሉ። ከመጣ ደግሞ ርሆቦት አለች። ምን ብዬ ልጸልይ?

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ከነበረዶው ወረደ። እንዲህ ያለ ዝናብ ለማጋነን እንኳን አይመችም። መንገዱ ወንዝ ሆነ፣ ምንጩ ቡና መሰለ።

በሦስተኛው ቀን መጀመሪያ የመጡት አንድ የቀን ሠራተኛ ናቸው፣ በቃሬዛ። ከዚያ እናትና ልጅ። ከዚያ መቁጠር ተውኩ። የውኃ ማከሚያው ስለታደለ ብዙው ቤት ተርፏል፤ ኢፍቱ «ወደ ታችኛው እየሄደ ነው፣ ወደ ትንሹ» ትላለች፣ ላፕቶፗን በፌስታል ሸፍና። ለእሷ ትንሽ ነበር። ፀዲ ርሆቦትን አቅፋ በጭቃው ውስጥ ስትሮጥ ሳያት ለእኔ ትንሽ የሚባል ነገር ጠፋ።

«ጠዋት ደህና ነበረች! አባዬ፣ ጠዋት ደህና ነበረች!»

የልጅቷ ዓይኖች ወደ ውስጥ ገብተዋል። ታለቅሳለች፣ እንባ የላትም። ሲስተር ፈትለወርቅ የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው፤ ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ። እጇ ላይ ደም ሥር ፈለገች፣ አጣች። እግሯ ላይ ፈለገች፣ አጣች። ፀዲ የድንኳኑን ምሰሶ ይዛ ቀረች። በመጨረሻ ጭንቅላቷ ላይ፣ ከጆሮዋ በላይ፣ መርፌው ገባ።

«ይያዟት፣» አለችኝ ሲስተሯ፣ ጭኔ ላይ አስቀምጣልኝ። «ይሄ ይውረድላት። ስትሸና ሰውነቷ ውኃ አገኘ ማለት ነው፣ ያኔ ይጥሩኝ። ከዚያ በፊት አይጥሩኝ፣ ሰው ብዙ ነው።»

«ካልሸናችስ?»

«ይጥሩኝ አልኩ እኮ፣ ስትሸና።»

ሄደች። ግሉኮሱ ጠብ ይላል፣ ጠብ ይላል። ዓይኖቿ ሊከደኑ ሲሉ «ርሆቦት! ርሆቦቴ!» እላለሁ። ተረት ልነግራት ፈለግሁ፤ ይሄን ሁሉ ዘመን ለሰው ያደልኩት ውሸት አንድም አልመጣልኝም። «ፀዲ፣ አንቺ ንገሪያት» አልኩ። ፀዲ ከጎኔ ተቀምጣ ጣቷን አስያዘቻት። ልጅቷ ጣቷን አልጨበጠችም።

ዝናቡ ድንኳኑን ይደበድባል። ማዶ አልጋ ላይ ያሉት ሰውዬ ያቃስታሉ። አቶ ወልደሰንበት በር ላይ ቆመው፣ ካርቶን በራሳቸው ትከሻ አውርደው፣ ሰው ሲገባ ሲወጣ ያያሉ። ዓይናችን ተገጣጠመ። ካርቶኑን ከፍተው ሌላ ግሉኮስ አወጡና ከአልጋችን ራስጌ አስቀመጡልን።

ጭኔ ላይ ሙቀት ተሰማኝ። ድንኳኑ ያፈሰሰ መስሎኝ ቀና አልኩ። ጣሪያው ደረቅ ነው። ዝናብ ደግሞ አይሞቅም። ሱሪዬን አየሁ። እጄን ሰደድኩ።

«ሸናች!»

ሞንታርቦ አልነበረኝም፤ ግምጃ ቤት ነው። ጉሮሮዬ ብቻ ነበረኝ። ድንኳኑ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ሸናች! ሲስተር! ሸናች! እኔ ላይ ሸናች!»

ማዶ የሚያቃስቱት ሰውዬ እየተሰቃዩ ሳቁ። ፀዲ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና መሬት ተቀመጠች። ኢፍቱ ላፕቶፗን ለአንድ ሰው አስያዘችና ወደ እኛ ሮጠች፣ ከሩቅ ስትስቅ ነው ስታለቅስ አይለይም። ሲስተር ፈትለወርቅ ብቻ አልተደነቀችም። የልጅቷን ቆዳ ቆነጠጠች፣ ለቀቀች፣ ቆዳው ቀስ ብሎ ተመለሰ።

«ጥሩ። ሱሪዎን ያውልቁና እዚያ ክሎሪን ውስጥ ይክተቱት።»

«አሁን? ሰው ፊት?»

«አሁን። በሽታው ሱሪዎ ላይ ነው።»

የፕላስቲክ ሽርጥ ሰጡኝ። ርሆቦት ፀዲ እቅፍ ውስጥ ሆና በማንኪያ የሰጧትን ትውጣለች፣ እንደገና ትውጣለች። ሦስተኛው ላይ ማንኪያውን በድድዋ ነክሳ አለቅም አለች። እኔ በሽርጥ፣ በባዶ እግሬ፣ ክሎሪኑ ዓይኔን እያቃጠለው ቆሜ አያታለሁ።

«ቦታ! ቦታ!» የሚል ድምፅ ከውጭ መጣ። ሁለት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው በዝናቡ ውስጥ ይንሸራተታሉ፤ አልጋ ደግሞ አንድም አልተረፈም።

«ከአልጋው እንውረድ ልጄ» አልኳት ፀዲን። ግሉኮሱን ከመስቀያው አውርጄ በእጄ ከፍ አድርጌ ያዝኩ፣ እሷ ርሆቦትን ይዛ ተነሳች፤ ጥግ ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ሄደን ተቀመጥን፣ በቃሬዛ የመጣውን ሰው እኛ በለቀቅነው አልጋ ላይ አስተኙት።